ከጣውላው ሥር አምስት ስም

እስጢፋኖስ አናጢ ነበር። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ እኔ ጋራዥ እያልኩ የምኮራባት አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ነበረችኝ፤ እሱ ደግሞ የእኔኑ ግድግዳ ተደግፎ መጋዝና መላጊያውን ዘርግቶ ይሠራል። ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፁ እንኳን ለጎረቤት ለራሱም የማይሰማ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእሱ አንድ ክፉ ቃል አልሰማሁም። እሱ ከእኔ የሰማውን ግን ፈጣሪ ይቁጠረው።

እኔ ደምሰው መካኒኩ ነኝ። አፌ አያርፍም። እሱ ጴንጤ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጠዋት ገና መዝጊያዬን ስከፍት፣ «እንዴት አደርክ ጴንጤው! ዛሬ ደግሞ መጋዙን በየትኛው ልሳን ነው የምታናግረው?» እለዋለሁ። ፈገግ ይልና፣ «ጌታ ይባርክህ ጋሼ» ይለኛል። አለመናደዱ ያናድደኝ ነበር። የአቦ ማኅበርተኛ ነኝ፤ ማተቤን ጠብቄ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የጴንጤ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ለልጄም ደጋግሜ ነግሬያት ነበር። «ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ቀን ባገኝሽ እግርሽን ነው የምሰብረው» ብያታለሁ።

በሥራው ግን ማንም አይደርስበትም። ጠረጴዛ ሲሠራ የላይኛውን ፊት ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም ይልገዋል። «ማን ሊያየው ነው በከንቱ የምትደክመው?» ብዬው ነበር አንድ ጊዜ። «ልጆች ከጠረጴዛ ሥር ይገባሉ ጋሼ፤ ስንጥር ይወጋቸዋል» አለኝ። ለማያውቀው ሰው ልጅ ስንጥር ብሎ ግማሽ ቀን የሚያጠፋ ሰው ያኔ ለእኔ ቂል ነበር።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ነው። ቀይ ሽብር አልፏል ይባል ነበር። ይባል እንጂ ከልቡ ያመነ ሰው አላየሁም። ከእኛ በላይ ካለው ግቢ ሁለት ወንዶች ልጆች ወጥተው አልተመለሱም። እናታቸው እንዳታለቅስ ተነግሯት ስለነበር ዝናብ ጠብቃ ነበር የምታለቅሰው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ለቅሶዋ አይሰማም። በመንገዳችን ላንድሮቨር በዘለቀ ቁጥር የእኔ መዶሻ ይቆማል፤ የእሱም መጋዝ ይቆማል። ካለፈ በኋላ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራችንን እንቀጥላለን፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እኔ የምፈራው ለልጄ ነበር። ትሩፋት አንድያ ልጄ ናት፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ጸሐይወርቅ ከእሷ በኋላ አልወለደችም። ልጅቷ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ስፌት እማራለሁ ብላ ትወጣለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ካልመጣች በር ላይ እቆማለሁ፣ ስትመጣ ደግሞ የቆምኩት ለእሷ እንዳይመስላት ጎማ እንደሚያይ ሰው አጎነብሳለሁ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የጴንጤዎቹ የጸሎት ቤት ታሸገ። ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የጭቃ ቤት ነበረች። ከመታሸጓ በፊት ምእመኖቹ አግዳሚ ወንበሮቹን ተከፋፍለው ወደየቤታቸው ወስደዋቸው ኖሯል፤ ከዚያ ወዲያም በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት። ሰባቱ እስጢፋኖስ ጋ ደረሱ። ድሮም የሠራቸው እሱ ነው፤ እግራቸውን ነቅሎ ጣውላውን ለልጆቹ መኝታ አደረገው። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

አንድ ልማዳቸውንም ጨምሩበት። እነዚያ ሰዎች ለጸሎት ቤታቸው ወንበር ያሠራ ሰው ስሙን ከላይ አይጽፍም። ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ይላላ መጽሐፉ። ግን ሰው ሰው ነው፤ ስሙን ጨርሶ መተው አልሆነላቸውም። ስለዚህ ከመቀመጫው ሥር፣ ወለል ላይ ተንጋሎ ካልተኛ በቀር ማንም በማያየው በኩል፣ ስማቸውን ከነአባታቸው በጋለ ምስማር ያቃጥሉታል። ለእግዚአብሔር ብቻ የተጻፈ መሆኑ ነው። እስጢፋኖስ ወንበሮቹን ቤቱ ሲያስገባ ሚስቱ ዓለሚቱ፣ «ስሞቹን ላግልኝ፣ ቤታችን ውስጥ እሳት ይዘን ነው የምንተኛው» ብላው ነበር። ለራሱ ነገር የማይሳሳው ሰው ለዚህ ሳሳ። ነገ ነገ እያለ ስምንት ወር አሳለፈ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። ቀበሌያችን ከአንድ የመሬት ከበርቴ የተወረሰች አሮጌ ሸቭሮሌ ፒካፕ ነበረችው። ሞተሯን በሽቦና በስለት የማቆያት እኔ ነኝ። የኋላዋ መጫኛ፣ እኛ ካሶኒ የምንለው፣ ጎኑ ብረት ወለሉ ጣውላ ነው። ያ ጣውላ በክረምቱ በስብሶ አንዱ የአብዮት ጥበቃ ከነጠመንጃው እስከ ጉልበቱ ሰመጠበት። እኔ ዳሴ ውስጥ ሆኜ አፌን በጨርቅ አፍኜ ነው የሳቅኩት።

ጳጉሜን ሁለት ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ መኪናዋን አስነድቶ እደጃችን አቆማት። ቀድሞ ሚዛን ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው ነው፤ ሰውን ሲያይም የሚመዝን ይመስላል።

«ጓድ እስጢፋኖስ» አለው፣ «መስከረም ሁለት አምስተኛው የአብዮት በዓል ነው። የኪነት ልጆቻችን በዚች መኪና ላይ ቆመው እየዘፈኑ በአደባባይ ያልፋሉ። አሥራ አራት ናቸው፤ ይዘላሉ። አንዲት ጣውላ ብትሰበር አሻጥር ነው የምለው። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል ጓድ ሊቀመንበር።»

«በጳጉሜን ስድስት ጠዋት እረከብሃለሁ። በዚያው ቀን ፍተሻ አለ። ለሰልፍ የሚወጣ መኪና ሁሉ ከላይም ከሥርም ይታያል፤ ፈንጂ የሚቀብሩ ፀረ-ሕዝቦች አሉ።»

ሲሄዱ የእስጢፋኖስ ከንፈር ደርቆ አየሁት። አሻጥር የምትለዋ ቃል ስንት ሰው እንደበላች ሁለታችንም እናውቃለን። ጣውላ ከየት ይምጣ? ክረምት ነው። በገበያ ያለው ባህር ዛፍ ሲጫኑት ውሃ ይተፋል። እርጥብ ጣውላ ዛሬ በቡሎን ቢያስሩት ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል።

«እርጥብ እንጨት ቃሉን አይጠብቅም ጋሼ» አለኝ። «ደረቅ ዝግባ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«ደረቅ ዝግባማ ሊቀመንበሩ አልጋ ሥር ነው ያለው፤ ሂድና ጠይቀው» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

በማግስቱ ሁለት ደረቅ የዝግባ ጣውላ በትከሻው ይዞ መጣ። ሁለቱም ከላይም ከታችም ተልገው እንደ ሳሙና ለስልሰዋል። ከየት አመጣኸው ስለው «ከቤት» አለኝ። በጳጉሜን አራት ሌላ ሁለት አመጣ። እንግዲህ ሰውየው ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግቶ ስሞቹን እየላገ ነበር ለካ፤ ልጆቹን መሬት ላይ አስተኝቶ። ሰባት ጣውላ ነበር የሚያስፈልገው። ስድስቱን ልጎ ጨረሰ። ሰባተኛውን መጨረሻ ላይ ልላገው ብሎ አቆየው። የወጣቶቹ ነበር፤ አምስት ልጆች ተሰባስበው ያሠሩት ወንበር መቀመጫ። ልጆቹን ሰንበት ትምህርት ያስተማራቸው እሱ ነው። ያን ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች፤ እስጢፋኖስ በዚያች ትርፍ ቀን ተማምኖ ነበር።

ሲሠራ ማየት ደስ ይል ነበር፤ ይህን ልክድ አልችልም። አሮጌውን ጣውላ ነቅሎ ልኩን ወሰደ፤ የቡሎኑን ቀዳዳ በአሮጌው ላይ እያስተያየ በአዲሱ ላይ ቀደደ። በጣውላና በጣውላ መሃል የክብሪት እንጨት የምታህል ክፍተት ይተዋል፤ ዝናብ ሲመታው ማበጫ ቦታ ይፈልጋል ይላል። በላዩ ላይ እኔ ከሞተር ያወጣሁትን የተቃጠለ ዘይት በጨርቅ አሸው። ፈርቶም ቢሆን እጁ አይቸኩልም።

ጳጉሜን አምስት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰባተኛውን ጣውላ በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ ገና ከግድግዳው ከማስደገፉ ሊቀመንበሩ ከሁለት ጥበቃ ጋር ከች አለ። ቀኑ ተለውጧል፤ መኪናዋ ዛሬውኑ ታልቅ፣ ነገ ማለዳ መካኒኩ ይያትና ወደ ፍተሻ ትሂድ አለ። ራሱም የእስጢፋኖስ መሥሪያ ላይ ቁጭ አለና እግሩን አነባበረ።

«አንዷን ጣውላ ከሥር በኩል ልላጋት ጓድ ሊቀመንበር፤ ጊዜ አይፈጅም» አለ እስጢፋኖስ።

«ከላይ ለስልሳለች አይደል? ከሥር ማን ሊተኛባት ነው?» አለና ሳቀ። ጥበቃዎቹም ሳቁ። እውነት ለመናገር እኔም ሳቅኩ።

እስጢፋኖስ ጆንያውን ፈታና ጣውላውን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ልጅ እንደሚያቅፍ ሰው አቅፎ፣ ሦስት እርምጃ ተራመደና ካሶኒው ላይ በደረቱ በኩል ያለውን ፊት ወደ ታች አድርጎ አስተኛው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጣውላ እንዲህ ሲሸከም አይቼው ስለማላውቅ ገረመኝ፤ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩ። ቡሎኖቹን ከላይ አስገባ። ከሥር ማጥበቁ የእኔ ሥራ ነው። ሊቀመንበሩ እስኪመሽ አልተነሳም፤ እኛም አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያን ቀን ማናችንም አላሰብነውም።

በማግስቱ ማለዳ ወጋየሁ የሚባለው ጥበቃ በሬን አንኳኳ። ቡሎኑን ሁሉ አጥብቄ፣ ፍሬኑን አይቼ፣ በሦስት ሰዓት እንድንነሳ ታዟል። ጆንያ አንጥፌ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ወጋየሁ ከጎኔ ቆሟል፤ እኔ የማየው ጭቃ የያዘ የጎማ ጫማውንና የጠመንጃውን ሰደፍ ብቻ ነው። ከፊት ጀምሬ አንድ በአንድ እያጠበቅኩ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ስድስቱ ጣውላ ንጹሕ ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ጥቋቁር ፊደል አየሁ።

ሙሴ እንግዳ ይላል። አስቴር አባይነህ ይላል፤ የሊቀመንበሩ ልጅ ግን አይደለችም፣ የሌላ አባይነህ ናት። ኤሌኒ የተባለች አለች። ቡዜ የተባለ አለ። ከሥራቸው ደግሞ «ለጌታ» የሚል ተጽፏል። ወዲያው ገባኝ፤ ማተብ የሌላቸው ሰዎች ነገር ነው። «አይ እስጢፋኖስ፣ ዛሬስ አለቀልህ» አልኩ በሆዴ። አቦን ነው የምላችሁ፣ የመጀመሪያ ስሜቴ ንዴት ነበር፤ መኪናዋን ያየኋት እኔ ስለሆንኩ ለእኔም ይተርፋል ብዬ።

ከዚያ አምስተኛውን ስም አነበብኩት። ትሩፋት ደምሰው።

ስሟን አየሁ፣ ከስሟ ቀጥሎ የእኔን ስም አየሁ። የልጄን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ «ፋ»ን ስትጽፍ ጎንበስ ታደርጋታለች። ስፌቱ ይህ ነበር። ሐሙስና እሑዱ ይህ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ይኸው ደርቤ ተቀበልኩት። እኔ በጴንጤ ስቀልድ እስጢፋኖስ ልጄ እዚያ እንደምትቀመጥ እያወቀ ነበር ጌታ ይባርክህ ሲለኝ የኖረው። ግን ለመናደድ ጊዜ አልነበረም። የፍተሻው ወታደር ከዚህ መኪና ሥር የሚተኛው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

እጄ ላይ ካቻቢቴ ነበር። በሹሉ የትሩፋትን ስም መፋቅ ጀመርኩ። በጋለ ምስማር የተጻፈ ፊደል ጥልቅ ነው፤ ዝግባው ደረቅ ነው። ስንጥሩ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ እፍቃለሁ። ትሩፋት የሚለው ጠፋ። ደምሰው የሚለውን ያዝኩ። እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የልጄን ስም ነበር የምፍቀው ወይስ የራሴን? መልሱን አላውቀውም። ሁለቱንም እስኪጠፉ ድረስ ፋቅኩ።

«ምንድነው የሚፋቀው ጋሽ ደምሰው?» አለ ወጋየሁ።

«ዝገት ነው» አልኩ።

«በል ውጣ፣ ሰዓቱ ሄደ» አለና ጎንበስ ሊል ጉልበቱን ሲያጥፍ አየሁ። ተንሸራትቼ ወጣሁ። አራቱ ስም እንዳለ ቀረ።

አሁን የምነግራችሁን ስነግራችሁ ያመኛል። ከክንዴ አንድ ጋት ርቆ ጣሳ ሙሉ ግራሶ ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚጣበቅ። አንድ እፍኝ ወስጄ ብለጥፍበት አምስቱም ስም በአንድ ትንፋሽ ይጠፋ ነበር፤ ማንም ወታደር ከመኪና ሥር ግራሶ ቢያይ አይገርመውም። ዕድሜ ልኬን መካኒክ ሆኜ ግራሶ አልታየኝም። የእኔን ሥራ ትቼ የአናጢ ሥራ ሠራሁ፤ ያውም አበላሽቼ። ለአንድ ስም ብቻ እጄ ስለተዘረጋች ነው ግራሶው ያልታየኝ። ለአምስቱም ባስብ ኖሮ ይታየኝ ነበር።

ሞተሯ መንገድ ላይ እንዳትቆም ብለው እኔንም አብረው ወሰዱኝ። ፍተሻው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ መኪኖች ተሰልፈዋል። አንድ ወጣት አሥር አለቃ ባትሪ ይዞ በእያንዳንዱ ሥር እየተኛ ይወጣል። የእኛ ተራ ሲደርስ ጎማውን ተደገፍኩ። አሥር አለቃው ከፊት ገባ። እግሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሊያልፍ ነበር፤ እንጨቱ ጠቆር ያለ ነው፣ የተቃጠለው ፊደል ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ የመንገድ ጭቃ ተረጭቶበታል። አስተውሎ ላላየው ምንም የለም።

«ይህ ነጭ ምንድነው?» አለ ከሥር ሆኖ።

እኔ የፋቅኩት ነው። በዚያ ሁሉ ጥቁረት መሃል አዲስ የተፋቀ ዝግባ ነጭ ሆኖ ያበራል። ባትሪውን አቀረበ። ከዚያ ከጎኑ ያለውን ማንበብ ጀመረ፤ ጮክ ብሎ፣ ትምህርት ቤት እንደሚያነብ ልጅ። ሙሴ እንግዳ። አስቴር አባይነህ። ኤሌኒ... የሊቀመንበሩ የአንገቱ ደም ሥር ሲገተር አየሁ።

«የተፋቀውስ የማን ስም ነው?» አለ አሥር አለቃው፣ አቧራውን እያራገፈ ወጥቶ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ደምሰው፣ ዛሬ ጠዋት ከሥር የገባኸው አንተ ነህ።»

«እኔ የማውቀው ሞተር ነው» አልኩ። «ጣውላው የእስጢፋኖስ ነው።»

ከአፌ እንዲህ ብሎ ወጣ። ማንም አልመታኝ፣ ማንም ሽጉጥ አልደገነብኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወሰዱት። እኔ ዳሴ ውስጥ ነበርኩ። እሱ ለአዲስ ዓመት ብሎ ፍቅፋቂውን እየጠረገ ነበር። ሁለት ወታደርና ወጋየሁ መጡ። መላጊያውን ከዝናብ ላንሳ ብሎ ለመናቸው፤ አልፈቀዱለትም። ሲያልፍ ወደ እኔ አላየም። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ወረደ፤ መላጊያው ሜዳ ላይ እየበሰበሰ ከአሥር እርምጃ ርቀት አየዋለሁ። ሄጄ ለማንሳት ፈራሁ።

ሰፈሩ ችቦ ሊያበራ ሲሰናዳ ትሩፋት ከውጭ ገባች። «አባዬ፣ ጋሽ እስጢፋኖስን ወሰዱት» አለችኝ። «ሙሴንም ወሰዱት፣ አስቴርንም፣ ሁሉንም።» ከዚያ ክፍሏ ገብታ ጫማዋን እንዳደረገች አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋለች። እናቷ እንቅልፍ አልወስድ ብሏት ነው ብላ ለፈለፈች። እኔ ግን የምትጠብቀው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሦስት ቀን እንዲያ ጠበቀች። በአዲስ ዓመቱ ዕለትም፣ ሸቭሮሌዋ ከወለሏ አንድ ጣውላ ተነቅሎ ክፍተቱ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሰልፍ በወጣችበት ዕለትም፣ እዚያው ነበረች። እኔ በር ላይ ቆሜ ላንድሮቨር አዳምጥ ነበር። አልመጡም።

አራቱ ልጆች ከአራት ወር በኋላ ፈርመው ተለቀቁ። ሙሴ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ኤሌኒ ለረጅም ጊዜ ከቤት አልወጣችም። እስጢፋኖስን ግን አስቀሩት። አስቴር ከእሱ ክፍል በግድግዳ ብቻ ተለይታ ነበር የታሰረችው፤ የሰማችውን ለትሩፋት ነገረቻት። ምሽት በመጣ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የተፋቀው ስም የማን ነው? እሱም የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፤ ስም አይደለም፣ የእንጨቱ አንጓ ነው፣ ጎርበጥ ብሎኝ የፋቅኩት እኔ ነኝ። ይመቱታል፤ አንጓ ነው ይላል።

ትሩፋት ይህን ሰምታ መጣች። እኔ ራት እየበላሁ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን ከመኪናዋ ሥር የገባኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ስትገባ ስንት ስም ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን አልቻልኩም። «አምስት» አልኳት።

ውሃ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝና ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች፣ ደህና እደር ትለኛለች፤ አባዬ ብላኝ ግን አታውቅም። እሑድ እሑድ በግልጽ ዓለሚቱ ቤት ትሄዳለች፣ ልጆቹን ታጥባለች፣ እዚያው ይጸልያሉ። እግርሽን እሰብራለሁ የሚል አፍ አልቀረኝም። እስክትመለስ ድረስ በር ላይ እቆማለሁ፤ አሁን ጎማ የማይ አላስመስልም።

እስጢፋኖስ የተፈታው በዓመት ከሁለት ወሩ፣ ኅዳር ላይ ነው። ዋናው መንገድ ላይ አወረዱት፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ የእኔ ዳስ በፊት ይገኛል። ሞተር ፈትቼ ጎንበስ እንዳልኩ ጥላ ሲያርፍብኝ ቀና አልኩ። ፀጉሩ ነጥቷል። ቀኝ እጁ አብጦ ተጣሞ ድኗል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። መላጊያ ሊይዝ ቀርቶ ማንኪያ የሚይዝ እጅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ከሁለት ወር ሌሊትና ቀን የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። እግሩ ሥር እወድቃለሁ፤ ስሙን ለአሥር አለቃው የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ነጩን የፋቅኩት እኔ ነኝ፣ ግራሶ አጠገቤ ነበር እለዋለሁ። መክፈቻው ከእጄ ወደቀ፤ አፌ ተከፈተ፣ ቃል ግን አልወጣም። እኔ ደምሰው፣ አፌ የማያርፈው ሰውዬ።

እሱ ቀደመኝ። ወደ መንገዱ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየና፣ በዚያችው በማትሰማው ድምፁ፣ «ጋሼ፣ ትሩፋትን አልነኳትም አይደል?» አለኝ።

«አልነኳትም» አልኩት።

«ተመስገን» አለና የታመመ እጁን በደህናው ይዞ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንባዬ መጣ። በዚያ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ እኔ ስለ ሙሴ፣ ስለ አስቴር፣ ስለ ኤሌኒ፣ ስለ ቡዜ ነክተዋቸው ይሆን ብዬ አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም ነበር።